ሚሞሪ የሚጎርሰው ካሴት

ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ ቀጥዬ የወገብሽን ነገር፣ ከዚያ ደግሞ የአክስቴን እግር እጠይቃለሁ። የገባላት ብረት እንዴት አደረጋት? መቆም ጀመረች ወይስ አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና ቤቱን ሁሉ ታዛለች? ታዛለች ካልሽኝ ድናለች ማለት ነው። እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከስፌት መኪናሽ ዝምታ በቀር ደህና ነኝ። ያ መኪና ሲንቀጠቀጥ ስንቴ እንዳማረርኩ ታውቂያለሽ፤ አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጭር ይልና ጆሮዬ ይፈልገዋል።

በስልክ ሁሉን የማልነግርሽ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ እኔ ሳወራ የሚሰማ ሰው አለ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የባለቤትሽ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አንቺ ወዳለሽበት ወደ አክስቴ አገር አውቶቡስ የሚነዳው። ሾፌሮች ወሬ እንደሚወዱ ስለማውቅ ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌ በላዩ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ስትከፍችው በመቀስ ይሁን።

እማዬ፣ ከባለቤትሽ ጋር አልተጣላንም። ለመጣላት መነጋገር ያስፈልጋል። ጠዋት እኔ "እንደምን አደሩ" እላለሁ፣ እሳቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ ማታም ያው ነው። ከዚያ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ቁጭ ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ። ሥራ ውዬ ስመለስ እዚያው ናቸው። አላማርርም ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ግን አልቻልኩም። ሙሉ ጤነኛ ሰው ለጡረታ ሳይደርስ "ደከመኝ" ብሎ ሥራውን ጥሎ ሲቀመጥ፣ አንቺ ደግሞ የሰው ልጅ ዩኒፎርም ስትሰፊ ወገብሽ ሲጎብጥ ማየት ያንገበግበኛል። ፊት ለፊት ብነግርሽ እንደምትቆጪኝ ስለማውቅ በወረቀት አመለጠኝ።

ሌላም አለ። ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። መስኮቷ ፀሐይ ያገኛል፣ ውሃም አላት። አንቺ ሳትመለሺ አልገባባትም፤ አከራይዋም እስከዚያ ይዤልሻለሁ ብላኛለች። ተቆጪ፣ ግን አስቢበት። ትልቅ ሰው ሆኛለሁ እኮ፤ በገዛ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አማረኝ።

አሁን ደግሞ የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ለአክስቴ ብርድ ልብስ ላኪ ባልሽኝ ጊዜ ቁምሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ከሻንጣዎቹ ጀርባ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የልጅነቴን ጌም። ከነጆይስቲኮቹ፣ ከነካሴቶቹ፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ። ያሰርሽው አንቺ እንደሆንሽ ከቋጠሮው አወቅሁ፤ እንደዚያ አልፈታ የሚል ቋጠሮ ካንቺ በቀር ማንም አያስርም።

ማሽኑን ስሰካው ቀዩ መብራት በራልኝ። ካሴቶቹ ግን አልቆላቸዋል። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ውሃ ገብቶባቸው ኖሮ የመዳብ ጥርሳቸው አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ድሮው እፍ እፍ አልኳቸው፣ በላጲስ ፈተግኳቸው፣ በአልኮል ጠረግኳቸው። አንዱ ብቻ ለመነሳት ሞከረና ቴሌቪዥኑን በጭረት ሞልቶ ዝም አለ።

ሥራ ቦታ ይህን ሳወራ፣ የመነጽር ፍሬም የምትሸጠው ጓደኛዬ "አንቺ የት ነው ያለሽው? ሚሞሪ የሚጎርስ ካሴት መጥቷል እኮ" አለችኝ። ወንድሟ የድሮ ጌም ይጠግናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅርጹ ልክ እንደ ድሮው ካሴት ስለሆነ ማሽኑ ምንም ሳይጠረጥር ይቀበለዋል። አናቱ ላይ ግን ስንጥቅ አለ፤ በዚያ እንደ ስልክ ሚሞሪ ያለች ቁራጭ ትገባለች። ድሮ አንድ ካሴት አንድ ጌም ነበር፤ አንቺም አዲስ ግዢልኝ ባልኩሽ ቁጥር "ያለውን ጨርሺ" ትይኝ ነበር። አሁን ጥፍር በምታህል ነገር ላይ የጌም መንደር ሰፍሮባታል። ገዛሁት። ዋጋውን አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ ቤት የነበረውን ሚሞሪ ባጎርሰው ተፋው። ለካ በጣም ትልቅ ሚሞሪ አይወድም፤ ለእሱ ተብሎ ካልተዘጋጀለትም አያነብም። ጠጋኙ አነስ ያለ ሚሞሪ ፎርማት አድርጎ፣ ጌሞቹን በየፋይላቸው ደርድሮ ሲሰጠኝ ዋጠው። ስክሪኑ ላይ የስም ዝርዝር መጣልኝ፤ ብወርድ ብወርድ አያልቅም።

ከራት በኋላ የመኪና ውድድር ከፍቼ መጫወት ስጀምር ባለቤትሽ ከመስኮቱ ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። አንድ ጥምዝ ላይ ተገለበጥኩ። እንደገና ጀምሬ እዚያው ተገለበጥኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ያቺ መኪና ፍሬን የላትም?" አሉ። "አላት" አልኳቸው። "ታዲያ ለማን አስቀመጥሽው?"

እማዬ፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ሳቅ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለማንኛውም ከሰላምታ ውጪ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

አክስቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ወገብሽን አደራ፤ ባልዲ እንዳታነሺ። ደግ ደጉን ያሰማኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ

*

ለእናቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አክስቴ በምርኩዝ እስከ በረንዳው ሄዳ "ማን ነው አበባዬን ያላጠጣው?" ብላ ተቆጣች የሚለውን ሳነብ ሐሳብ ለቀቀኝ። እኛም ደህና ነን። ስለ ክፍሏ "ስመጣ እንነጋገራለን" ብለሽ ዘለልሽው፤ እኔም ዘለልኩት።

ጋሼ ጆይስቲክ ጨብጠዋል። አዎ፣ ጋሼ ማለት ጀምሬያለሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ጌም እየተጫወተ "እርስዎ፣ ይዙሩ እንጂ" ማለት ምላስ ያስራል። መጀመሪያ "ይሄ የልጆች ነው" አሉ። ቀጥለው "መሪው የቱ ጋ ነው?" አሉ። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን ከእጃቸው ያገኘሁት ሻይ ሲጠጡ ብቻ ነው።

ሲነዱ ብታያቸው። ውድድሩ ሲጀመር ሌሎቹ መኪኖች ተፈትልከው ይጠፋሉ፤ ጋሼ ግን መጀመሪያ ግራ ቀኝ ያያሉ። ከዚያ አራስ እንደጫነ ሰው ቀስ ብለው ይነሳሉ። ጥምዝ ላይ ፍሬን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን። ሰው አይቀድሙም። ፍሬቻ የሚያሳዩበት ቁልፍ አጥተው በጣም ተቆጡ። አንድ ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ምነው ብላቸው "ሰው ሊሻገር መሰለኝ" አሉ። ዛፍ ነበር። ሁሌም መጨረሻ ነው የሚወጡት፤ ግድ የላቸውም። "ደርሻለሁ አይደል? ተሳፋሪ የሚፈልገው መድረስ ነው" ይላሉ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ስንከፍት አውቶቡስ ያለበት ጌም አገኘን። ያን ጊዜ የነበረውን ፊታቸውን አንቺ ብታይው ብዬ ተመኘሁ። ተሳፋሪ ጭነሽ ትልቅ ተራራ የምትወጪበት ነው። ተሳፋሪው ከተናወጠ ነጥብ ይቀነስብሻል። እኔ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሁሉንም አስለቀስኳቸው፤ ጋሼ ጋ ግን አንዳንዶቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

ታዲያ ይህ ካሴት አንድ አመል አለው። የደረስሽበትን ሚሞሪው ላይ እንዲጽፍልሽ ከማጥፋትሽ በፊት ማሽኑ ላይ ሪሴት የሚለውን ቁልፍ መጫን አለብሽ። ዝም ብለሽ ካጠፋሽው ሁሉን ይረሳል። እኔ አላወቅሁም። ጋሼ ከሰዓቱን ሙሉ ሲነዱ ውለው ተራራው ወገብ ላይ ደርሰው "ነገ እንቀጥላለን" ሲሉ ገጭ አድርጌ አጠፋሁት። በማግስቱ ስንከፍተው አውቶቡሱ ከተነሳበት መናኸሪያ ቆሟል። ጋሼ ትንሽ አዩትና "ተሳፋሪዎቹስ? በእግራቸው ተመለሱ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሪሴቱን የሚጫኑት ራሳቸው ናቸው፤ እንደ እጅ ፍሬን ነው የሚቆጥሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አንድ ነገር ከነከነኝ። በግራ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁልጊዜ ይገጫሉ። የጌሞቹን ስም አያነቡም፤ አውቶቡሱን የሚያገኙት ከላይ ወደ ታች እየቆጠሩ ነው። ስክሪኑን ሲያዩ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ሰበር ያደርጋሉ። ቀኑን ሙሉ የመነጽር ሌንስ ስሞርድ የምውል ሰው ይህን አይቼ እንዴት ልለፈው? እሁድ ጠዋት እየነዱ ሳሉ ከጎናቸው ሆኜ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፌ ሸፈንኩና "ጋሼ፣ አሁን አውቶቡሱ የት ነው?" አልኳቸው። ጆይስቲኩን ጨበጥ አደረጉ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። "ጭጋግ ነው" አሉ።

ጭጋግ አልነበረም፣ እማዬ። ጌሙ ውስጥም ቤታችንም ውስጥ ፀሐይ ነበር።

መዳፌን አነሳሁ። ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና የመጨረሻ ጉዟቸውን ነገሩኝ። ሊመሽ ሲል ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራባቸው መንገዱ ከነዳሩ ጠፋቸው። ቀስ ብለው ዳር ያዙ፣ ሞተር አጠፉ፣ ቁልፉን ለተቀያሪው ሾፌር ሰጡት። ራሳቸው ከተሳፋሪ ጋር ተቀምጠው ገቡ። "ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁትን መንገድ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጨረስኩት፤ ተሳፋሪው አንዱም ምን እንደሆነ አላወቀም" አሉኝ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገቡ። "ደከመኝ" ያሉሽ ይህን ነው። የእሳቸው አባትም ዓይናቸው በዚሁ ዓይነት ቀስ በቀስ ጨልሞ ነው የሞቱት፤ መድኃኒት ያለው ነገር አልመሰላቸውም። መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ብርሃኑን ፈልገው ነው። እኔ ደግሞ መንገድ የሚያዩ መስሎኝ።

"ለምን ለእማዬ አልነገሯትም?" አልኳቸው። "እናትሽ ያገባችው ሾፌር ነው። እጁን ይዘው የሚመሩትን ሰው አላገባችም" አሉ።

እንዳልነግርሽ አደራ ብለውኛል። እኔ ግን ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም። ይህን ደብዳቤ መናኸሪያ ድረስ ወስደው ለባልደረባቸው የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ምን እንደተሸከሙ አያውቁም።

ከመነጽር ቤታችን ጋር የምትሠራ የዓይን ሐኪም አለች። እሷ ጋ እንሂድ ስላቸው አልሄድም አሉ። ለመንኳቸው፣ አልሄድም አሉ። በመጨረሻ "ካልሄዱ ሪሴት ሳልጫን ነው የማጠፋው" ብዬ ወደ ማሽኑ ስጠጋ ተነስተው ጫማቸውን አሰሩ።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ ደህና አድርጋ አየቻቸው። "የአባትሽ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ግራው ብሶበታል፣ ቀኙም ጀምሯል። በቀዶ ጥገና ይወጣል" አለችኝ። አላረምኳትም፤ ውጪ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ጋሼ "ይወጣል ማለት?" አሉ። "ይነሳል፣ ያያሉ ማለት ነው" አለቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። እኔ ስለ ቀጠሮው ሳወራ አንድም ቃል የሰሙኝ አይመስለኝም።

ቀኑ ተቆርጧል። አንቺ አክስቴን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ እኔ አለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በጸሎትሽ አስቢን።

ልጅሽ

*

እማዬ፣ የኔ ሆደ ባሻ፤

እንባሽ ደረቀልሽ? አክስቴ በስልክ "እናትሽ እያለቀሰች አንሶላ መስሏት መጋረጃ አጠበችልኝ" ስትለኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እኛ በጣም ደህና ነን። ከደህናም በላይ ነን።

ደብዳቤዬ በደረሰሽ ማግስት ደውለሽ በአባዬ ላይ ያወረድሽውን የስድብ ናዳ እኔም ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞት ነበር። "እኔ መሪ አይደለም ያገባሁት፣ አንተን ነው" ያልሽውን ከዘጋሽ በኋላ ለራሱ ቀስ ብሎ ሲደግመው ሰማሁት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ ብሎ "ፖስታው ከብዶኝ ነበር እኮ" አለኝ። የተቆጣ አይመስለኝም።

ቀዶ ጥገናው በስልክ እንደነገርኩሽ በሰላም አለቀ። ያልነገርኩሽ ፋሻው የተነሳ ጊዜ የሆነውን ነው። ነርሷ ቀስ ብላ ፈታችለት። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ቀጥሎ ነርሷን። ቀጥሎ እኔን። አየኝ፣ አየኝና "ጉንጭሽ ላይ ማርያም የሳመችሽ ምልክት አለ እንዴ?" አለኝ። እማዬ፣ በአንድ ቤት ስንት ዓመት ኖረናል። "ገና አሁን ነው ያየኸው?" ስለው፣ "አይ፣ አንድ ነገር እንዳለማ አይቼ ነበር። ቀለም ነክቶሽ መስሎኝ፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም አልኩ" አለኝ። ነርሷ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። እኔ ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱ ተቀላቀሉብኝ።

ሐኪሟ ለጥቂት ቀናት ቴሌቪዥን ከልክላው ስለነበር የተፈቀደለት ዕለት ከሥራ ስመለስ ማሽኑን ሰክቶ፣ ካሴቱን አስገብቶ፣ ጆይስቲኩን እግሩ ሥር አድርጎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። አውቶቡሱ ከቀዶ ጥገናው በፊት ያቆመበት ገደል አፋፍ ላይ ከነተሳፋሪዎቹ ቆሟል። አባዬ ግን አልነዳም። ስክሪኑን ተጠግቶ አየ። ራቅ ብሎ አየ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አውቶቡስህ ነዋ።"

"ጎማው አራት ማዕዘን ነው።"

"ድሮም አራት ማዕዘን ነው።"

"ዛፉስ?"

"እሱም።"

ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ጡብ በጡብ ላይ የተደረደሩ ናቸው። አፍንጫ ያለው የለም። "እኔ እኮ በጣም የሚያምር አገር መስሎኝ ነው ስነዳበት የሰነበትኩት" አለ። ያዘነ ስለመሰለኝ ድሮ ማሽኑ የሚችለው ይህንኑ ብቻ እንደነበር፣ ካሴቱ አዲስ ቢሆንም ጌሞቹ የዚያን ዘመን እንደሆኑ አስረዳሁት። "ግድ የለም፣ ሰዎቹ ምን አጠፉ" ብሎ ነዳ። ደግሞ እንዴት ነዳ መሰለሽ። በግራ የሚመጣውን ሁሉ እያየ፣ መንገድ እየሰጠ፣ ተሳፋሪውን እያስተኛ። ጫፉ ላይ ደረሰ። አናቱ ላይ ያለው መናኸሪያ ብቻ ነው፤ በሩ ይከፈትና ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ ይወርዳሉ። አባዬ የመጨረሻው እስኪወርድ ጆይስቲኩን አላስቀመጠም።

የድሮ አለቃው ይህን ሁሉ ከሾፌሮቹ ሰምቶ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ለምን እንደለቀቀ ያን ጊዜ ለማንም ስላልተናገረ እሱም ቅር ብሎት ኖሯል። አሁን ግን "በመንገድ ዳር አቁሞ ቁልፍ የሚሰጥ ሾፌር ነው የምፈልገው፤ ና አዳዲሶቹን አሰልጥንልኝ" አለው። አባዬ ሁለተኛው ዓይን ይሠራና እናያለን አለው እንጂ እሺታው ፊቱ ላይ ተጽፏል። አለቃው ሊሄድ ተነስቶ ጆይስቲኩን ለአንድ አፍታ ልሞክር ብሎ ያዘ፤ ሚስቱ ደውላ እስክትጠራው ድረስ ከዚያ አልተነሳም።

ስትመለሺ አንዳንድ ነገር ተለውጦ ታገኛለሽ። የመስኮቱ ወንበር ቴሌቪዥኑ ፊት መጥቷል። ከጎኑ የኔ አለ፤ በመሃል ያንቺን አስገብተናል። ተበላሽቶ የነበረውን ሁለተኛ ጆይስቲክ ጠጋኙ ሠርቶልናል። ላንቺ ፍራፍሬ የምትለቅሚበት፣ ማንም የማይገለበጥበት ጌም አባዬ ራሱ መርጦልሻል፤ አሁን ስሙን እያነበበ ነው የሚያገኘው። የስፌት መኪናሽን ዘይት ቀብቶታል። ጨርቁን ደግሞ ከአሁን በኋላ እሱ ይቆርጥልሻል፤ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሄድ ይችልበታል።

ያቺን ክፍል ፍሬም የምትሸጠው ጓደኛዬ ያዘቻት። ደረጃዋ ይበዛል። መስኮቷም ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት ብቻ ነው ለካ።

የምትመጪበትን ቀን ቁርጡን ጻፊልን። መናኸሪያ እንቀበልሻለን። አባዬ ያለሽበትን አውቶቡስ ታርጋ ገና በር ላይ ሳለ አንብቤ እነግርሻለሁ ብሎ ተወራርዶኛል፤ ከአሁኑ እየተለማመደ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታርጋ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ደብዳቤው ውስጥ ልጽፈው ነበር።

አክስቴ ምርኩዟን ጥላ ትሂድ፤ ወገብሽም ይጽናልሽ። መንገድሽን ያቅናልን፣ በሰላም ያገናኘን።

በናፍቆት የምንጠብቅሽ፣
ልጅሽና አባዬ